ወፎችን ከጎረቤት መማር

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሌላ ሕዝብ መካከል ሲኖር ለጎረቤቱ ምን ዕዳ አለበት? ይህን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ፈጥነን እንመልሳለን፤ አለመስረቅ፣ አለመዋሸት፣ ሰላምታን አለመንሣት፣ የታመመውን መጠየቅ፣ ያዘነውን ማጽናናት እንላለን። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከእነዚህ የሚያንስ የሚመስል፣ ሲመረመር ግን የማያንስ ሌላ ዕዳ አለ፤ ይኸውም ከጎረቤት መማር ነው። መስጠት ለለመደ ሰው መቀበል ይከብደዋልና፣ ማስተማር ለለመደም ሰው ተማሪ መሆን ያሳፍረዋልና፣ ይህን ዕዳ መክፈል ከሌሎቹ ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ ጽሑፍ ነገሩን በአንድ ታናሽ ምሳሌ፣ ማለት በሰማይ ወፎች፣ ልንመረምረው እንወዳለን፤ ስፍራውም የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከደጋው አገራችን ወደ ሐርጌሳ ለሥራ የሚወርዱ ወገኖቻችን ጥቂቶች አይደሉም። መንገዱ በጅጅጋ አልፎ በቶጎ ውጫሌ ድንበሩን ይሻገራል። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ ነፋስ የማይለያት፣ ግራርና ቁጥቋጦ የከበባት ናት፤ ዝናብ ሲጎድል ወንዝዋ አሸዋ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በዚያ የተቀመጥን እኛ መጀመሪያ ያስተዋልነው የጎደለውን ነበር፤ ጽድ የለም፣ ኮሶ የለም፣ ከገደል የሚወርድ ውኃ የለም። ማጅራቱ ነጭ፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው የደጋችን ቁራም በዚያ አልነበረም። የእንግዳ ዓይን የጎደለውን ለማየት ፈጣን ነው፤ ያለውን ለማየት ግን የአገሩን ሰው ዓይን መዋስ ያስፈልገዋል።

በዚያ አገር ልማድ በዕድሜ የሚበልጠውን ወንድ «አዴር» ብለው ይጠሩታል፤ የአባት ወንድም ማለት ነው። እኛም በግድግዳ የምንጎራበታቸውን ሽማግሌ እንዲሁ እንጠራቸው ነበር። የሐርጌሳ ቁራ ከእኛው ቁራ ይለያል፤ ነጩ ደረቱ ላይ ነውና። «አዴር፣ ይህን ወፍ ምን ይሉታል?» ብለን ጠየቅናቸው። «ቱኬ» አሉን። ቀጥለውም «እናንተስ ምን ትሉታላችሁ?» አሉ፤ «ቁራ» አልናቸው። ከዚያ ወዲያ ስሞቹ አንድ በአንድ መጡ። ወፍ በጠቅላላው ሽምብር፣ ሰጎን ጎራዮ፣ ጉጉት ጉመይስ፣ በሰማይ የሚያንዣብበው ትልቁ ወፍ ጎርጎር እንደሚባል ተማርን። ርግብን ቆሌይ ሲሉ በሰማን ጊዜ ፈገግ አልን፤ በእኛ ቋንቋ ቆሌ ምን እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋልና። ምክንያቱን ብንነግራቸው እርሳቸውም ሳቁ፤ ልጆቻቸውም የእኛን ስሞች እየደጋገሙ በግቢው ሮጡ።

ነገሩ በስም ብቻ አልቀረም። አዴር በወጣትነታቸው ግመል የጠበቁ ሰው ነበሩ። በበጋ ወራት በማለዳ በመንጋ ሆነው በአንድ አቅጣጫ የሚበሩ ወፎች ወደ ውኃ እንደሚሄዱ፣ በግመል ጀርባ ላይ የሚቀመጠው ወፍ መዥገር እንደሚለቅም፣ ጥንብ አንሣዎች በሩቅ ሲዞሩ የጠፋው እንስሳ የት እንደ ወደቀ እንደሚታወቅ ነገሩን። ለእኛ ጨዋታ የነበረው ለእርሳቸው የሕይወት ትምህርት ነበር፤ ውኃውን ያላገኘ እረኛ መንጋውን ይዞ ይጠፋ ነበርና።

እንዲህ ያለውን የእረኛ ቃል ተረት ነው ብሎ መናቅ ቀላል ነው። በዚህ ላይ ከሐርጌሳ ርቆ የተገኘ አንድ ምስክር እናቅርብ። በእኛም አገር በኬንያም የሚኖሩ ቦረናዎች ሰውን ወደ ንብ ቀፎ የምትመራ ወፍ እንዳለች፣ በጩኸትዋና በአበራረርዋም አቅጣጫውንና ርቀቱን እንደምታስታውቅ ከጥንት ጀምሮ ይናገራሉ። ኬንያዊው ሑሴን አዳን ኢሳቅ ከአንድ አውሮፓዊ ሊቅ ጋር ሆኖ ይህን ቃል በሰሜን ኬንያ በትዕግሥት መረመረው፤ በ1989 የታተመው ጥናታቸውም እረኞቹ የተናገሩት እውነት መሆኑን አሳየ። ያለ ወፊቱ አንድ ቀፎ ለማግኘት በአማካይ 9 ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ በእርስዋ ምሪት ግን ከ3 ሰዓት ጥቂት የበለጠ ብቻ ይፈጅ ነበር። እንግዲህ ጎረቤትን መጠየቅ የትሕትና ልማድ ብቻ ሳይሆን ወደ እውነት የሚያደርስ መንገድም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መጠየቅ በሁለት ሰዎች መካከል ምን ያደርጋል? አዳም እንስሳትንና ወፎችን ስም እንዲሰጣቸው እግዚአብሔር ወደ እርሱ እንዳመጣቸው እናነባለን። ወደ ሌላው ሕዝብ አገር የሚገባ ሰው ግን አዳም አይደለም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ስም ሰጥተው ጨርሰዋል። ስሙን የሚያውቅ ጌታ ነው፤ የሚጠይቅ እንግዳ ነው። በጠየቅን ጊዜ ጎረቤታችን ሰጪ ይሆናል፤ እኛም ባለ ዕዳ እንሆናለን። ብዙዎቻችን ለመርዳት ወይም ለማስተማር ተልከናል ብለን ስለምናስብ ይህን ዕዳ አንወደውም። ዳሩ ግን ሁልጊዜ የሚሰጥና ከቶ የማይቀበል ሰው ጎረቤት ሊሆን አይችልም፤ ጌታ ወይም መጋቢ ሆኖ ይቀራል። ጎረቤትነት የሚጸናው እሳትም ጨውም በግድግዳው ላይ ከሁለቱም ወገን ሲመላለስ ነው።

ይሁን እንጂ ወፎችን ማወቅ በራሱ የጎረቤት ፍቅር ነው ብለን እንዳንስት የዚያችው አገር ታሪክ ያስጠነቅቀናል። ሰር ጄፍሪ አርቸር የተባለ እንግሊዛዊ ከ1914 እስከ 1922 ያችን አገር አስተዳደረ። ወፎችን የሚወድ፣ ጎጆአቸውንና ዕንቁላላቸውን ሳይቀር በትጋት የመረመረ ሰው ነበር፤ ከኢቫ ጎድማን ጋር ስለ ሶማሌላንድና ስለ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ወፎች የጻፈው መጽሐፍ በ4 ክፍል ሆኖ ከ1937 እስከ 1961 ታትሟል። ዛሬም የዚያን አገር ወፎች የሚያጠና ሁሉ ወደዚያ መጽሐፍ ይመለሳል። ዳሩ ግን በ1920 መጀመሪያ፣ በዚሁ ሰው አገረ ገዥነት ዘመን፣ የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላኖች የሰይድ መሐመድ ዐብዱላ ሐሰንን ምሽጎች በቦምብ ደበደቡ። በዚያው ዓመት አንዲት የሣር ሜዳ ወፍ በአገረ ገዥው ስም ተጠራች።

በሰውዬው ላይ ፍርድ ለመስጠት አልተነሣንም፤ ትጋቱንም አንክድም። ነገር ግን ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን፤ የአገሩን ወፍ ሁሉ እያወቁ ከአገሩ ሰው ርቆ መኖር ይቻላል። ከላይ ሆኖ የሚማር አለ፤ ከጎን ተቀምጦ የሚማርም አለ። ሁለቱም አንድ ወፍ ያያሉ፤ ሁለቱም በደብተራቸው አንድ ነገር ይጽፋሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው ስሙን የነገራቸው ሰው ስም በልባቸው ተጽፎ እንደ ሆነ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ለእኛ የበለጠ ይቀርበናል፤ ስለዚህ በግልጥ እንናገረው። አንድ ቀን ማታ አዴር ራስዋ ላይ እንደ ዘውድ የሚነሣ ላባ ስላላት፣ በዐረብኛ ሁድሁድ ስለምትባለው ወፍ አጫወቱን። ይህች ወፍ በእኛም አገር አለች። በቁርኣን እንደሚነገረው የሳባን ንግሥት ወሬ ለንጉሥ ሰሎሞን ያመጣችለት እርስዋ ናት። እኛም በክብረ ነገሥት ለንግሥቲቱ የሰሎሞንን ጥበብ የነገራት ታምሪን የተባለ ነጋዴ እንደ ሆነ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ንግሥቲቱ የሰሎሞንን ዝና እንደ ሰማች ብቻ እንጂ ማን እንደ ነገራት እንደማይጽፍ ነገርናቸው። እርሳቸው የእኛን በጸጥታ ሰሙ፤ እኛም የእርሳቸውን ሰማን። ልዩነቱን ማናችንም አልሸፈንንም፤ ክርክርም አላነሣንም።

ከመካከላችን አንድ ወንድም በኋላ እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ «እንግዲህ ይህ የወፍ ጨዋታ በር ከፋች ነው። ለምን በዚያው ወደ ሌላው ነገር አንገባበትም?» ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነበርና በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ለእኛ ክቡር የሆነውን ለጎረቤታችን ልንሰውረው አይገባንምና። ነገር ግን በጥያቄው ውስጥ የተሸሸገውን እንመልከት። የወፎቹን ስም የጠየቅነው ስሙን ለማወቅ ፈልገን ነው ወይስ ሰውየውን ለማቅረብ? ወፍ አጥማጅም ለወፎች እህል ይበትናል፤ እህሉም እውነተኛ እህል ነው፤ ወፎቹም በልተውት ይጠግባሉ። ነገር ግን ከእህሉ በታች ወጥመድ አለና ያ መጋበዝ ፍቅር አይባልም። ጥያቄአችንም እንዲሁ ከበታቹ ሌላ አሳብ ከተሰወረበት፣ ጎረቤታችን የሰጠን መልስ በተንኰል የተወሰደ ይሆናል።

«ታዲያ ስለምናምነው ዝም እንበል?» የሚል ቢኖር፣ አይደለም እንላለን። ሽማግሌው ሲጠይቁን በግልጥ መልሰናል፤ ሳይጠይቁንም ማን እንደ ሆንን ያውቁ ነበር። የሚከለከለው መናገር ሳይሆን አንዱን ነገር በሌላው መሸፈን ነው። ስለ ወፍ ስንጠይቅ ስለ ወፍ እንጠይቅ፤ ስለ እምነታችን ስንናገር ስለ እምነታችን እንናገር። ይህን መለየት ለጎረቤታችን ነጻነቱን ማክበር ነው፤ ለእኛም አንደበታችን ሁለት እንዳይሆን ይጠብቀናል።

ሦስተኛ ተቃውሞ ደግሞ አለ። «ሰው በሚራብበትና በሚቸገርበት ዓለም የወፍ ስም መቁጠር የሥራ ፈት ነገር አይደለምን?» የሚሉ አሉ። ለዚህ መልስ የሚሆነን ከራሳችን አሳብ ይልቅ የአዴር ቃል ነው። በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ሐርጌሳን በደበደቡ ጊዜ የከተማይቱ ሕዝብ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። ከአውሮፕላኖቹ አንዱ ዛሬ በከተማይቱ መካከል የመታሰቢያ ሐውልት ሆኖ ቆሟል። ብዙዎቹ ስደተኞች በጅጅጋ አቅራቢያ በሐርትሼክ ሰፈሩ፤ ሰፈሩም በ2004 እስኪዘጋ ድረስ በዚያ ብዙ ዘመን የኖሩ አሉ። ጎረቤታችንም ከቤተ ሰባቸው ጋር በዚያ ኖረዋል።

«በዚያ እህል ሰጥተውናል፣ ውኃም አምጥተውልናል፤ ይህን አንረሳም» አሉን። «ነገር ግን የሚመጣው ሁሉ ስንት ናችሁ? ብሎ ይጠይቀን ነበር። በስንት ዓመት ውስጥ ምን ታውቃላችሁ? ብሎ የጠየቀን ሰው ከቶ ትዝ አይለኝም። የግመልን በሽታ አውቅ ነበር፤ የውኃን ምልክት አውቅ ነበር፤ በዚያ ግን ቁጥር ነበርሁ።»

ይህን ቃል በቸልታ ማለፍ አይገባንም። የተራበውን ማብላት ግዴታችን ነው፤ ይህን የሚተው ሰው ወፍ ቢያጠና ከንቱ ነው። ነገር ግን በልቶ የጠገበ ሰው ደግሞ ሌላ ረኃብ አለበት፤ የሚያውቀው ነገር ለሌላው እንዲጠቅም ይሻል። በእህሉ ሕይወቱን እናድናለን፤ በጥያቄው ደግሞ ክብሩን እንመልስለታለን። ሁለቱን ማነጻጸርና አንዱን መምረጥ አያስፈልግም፤ ሁለቱም ከአንድ እጅ ሊወጡ ይችላሉና። እንዲያውም ጥያቄው ከእህሉ ይልቅ ወጪው ያነሰ ነው፤ ጊዜንና ትሕትናን ብቻ ይፈልጋል።

በአገረ ገዥው ስም የተጠራችውን ወፍ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ እንፈጽም። ላርክ ከሚባሉት ወፎች ወገን የሆነችው ይህች ታናሽ ወፍ በሣር መካከል የምትሮጥ፣ መልኳም ከደረቀ ሣር የማይለይ ናት። የተገኘችው በቶጎ ውጫሌ አካባቢ ባለው የሣር ሜዳ ነበር፤ ከ1922 በኋላ ግን በሶማሌላንድ ውስጥ ፈልገው አጧት። በ1968 በደቡብ ኢትዮጵያ በነገሌ ቦረና አቅራቢያ በሊበን ሜዳ አንዲት ተመሳሳይ ወፍ ተገኘችና ሌላ ዘር ናት ተብላ በሲዳሞ ስም ተጠራች። ከዚያም በኋላ በጅጅጋ አጠገብ በሣር ሜዳ የዚህችው ወገን ወፎች ታዩ። በ2013 የታተመ ጥናት መልካቸውን፣ ዜማቸውንና የዘር ምልክታቸውን መርምሮ የሊበንዋም የጅጅጋዋም የሶማሌላንድዋም አንዲት ወፍ መሆንዋን ገለጸ። ሊበንና ጅጅጋ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። በሁለት አገር በሁለት ስም ስትጠራ የነበረችው ወፍ አንዲት ሆና ተገኘች።

ነገር ግን ይህች ወፍ ከምድር ለመጥፋት ከተቃረቡት ወገን ተቈጥራለች። የምትኖርበት ሣር ይታረሳል፤ ቁጥቋጦ ይወርሰዋል፤ ከብትም እጅግ ይግጠዋል። በሊበን የተሞከረው መድኃኒት ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ ቦረናዎች ለጥጆቻቸው ሣር የሚከልሉበት «ካሎ» የሚባል የቆየ ልማድ አላቸው። ሣሩ በተከለለበት ስፍራ ለጥጃው መኖ፣ ለወፊቱም መሸሸጊያ ይሆናል። ወፎችን ለማዳን የተነሡ ሰዎች ከእረኞቹ ጋር ተቀምጠው በዚህ ልማድ ተጠቀሙ። በ1989ኙ ጥናት ያየነው እዚህም ተደገመ፤ የሚያስፈልገው ዕውቀት ቀድሞውኑ በጎረቤት እጅ ነበር፤ የጎደለው የሚጠይቀው ሰው ነበር።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ይህን የምናነብበው ብዙዎቻችን በገዛ አገራችን ተቀምጠን ነው፤ ስለዚህ ነገሩ በሐርጌሳ ያሉትን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስለን። በየከተማችን ከቆላ የወጣ፣ ከድንበር ማዶ የመጣ፣ ቋንቋው የተለየ ሰው አለ። በገበያ እንገዛለታለን ወይም እንሸጥለታለን፤ ቢታመምም ምናልባት እንጠይቀዋለን። ነገር ግን የሚያውቀውን ጠይቀነው እናውቃለን? ልጆቻችንስ እርሱ በአገሩ ስለሚያውቀው ዛፍ፣ ስለ ከብቱና ስለ ወፉ ከአፉ ሰምተው ያውቃሉ?

ጌታችን ስለ ድንቢጥ በተናገረ ጊዜ ሰሚዎቹ በየጣራቸው ያለችውን ወፍ አሰቡ። በሐርጌሳ ጣራዎች ላይ የምትኖረው ድንቢጥ ተባዕትዋ አናቱ እንደ ገል የቀላ፣ ሆዱ ወደ ብጫ የሚያደላ ነው፤ የእኛይቱ የደጋ ድንቢጥ ግን ሌላ ናት። የሰማይ አባት ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ ሁለቱንም ይመግባቸዋል። እኛ ግን አንዲቱን ብቻ እናውቃለን። ሌላይቱን ለማወቅ የምንሻ ከሆነ በአጥራችን ማዶ የሚኖር ሰው አለ፤ ሰላምታ ሰጥተን፣ በአክብሮት ጠርተን እንጠይቀው፤ መልሱንም እስኪፈጽም ድረስ ታግሠን እንስማው።